የጎማ ጥንካሬና በውስጡ የሚከፈተው ክፍተት

ዕቃ የሚገዛ ሰው ሁሉ የየራሱ የመመርመሪያ ልማድ አለው። ጨርቅ የሚገዛው ጨርቁን በሁለት እጁ ይዞ ይስበዋል፤ ገመድ የሚገዛው በእግሩ ረግጦ ይወጥረዋል፤ ቆዳ የሚገዛውም ገልብጦ ጀርባውን ያያል። ጎማ የሚገዛ ሰውም እንዲሁ ላዩን በጥፍሩ ጫን አድርጎ፥ ጫፉን ለጥጦ፥ ስንጥቅ አለመኖሩን ተመልክቶ፥ ከአምራቹ የተላከውንም የምስክር ወረቀት አንብቦ ይረካል። ይህ ልማድ ለብዙ ዕቃ የሚበቃ ቢሆንም ለጎማ ሁልጊዜ አይበቃም። ጎማ ላዩ ደኅና እንደ ሆነ በውስጡ ሊሰነጠቅ የሚችል፥ ከተሰነጠቀም በኋላ ለዓይን ምንም ምልክት ላይሰጥ የሚችል ነገር ነውና። «ውስጡን ለቄስ» የሚለው አነጋገር ለዚህ ዕቃ በጣም ይስማማዋል።

በዚህ ጽሑፍ ጎማ ሲባል የመኪና ጎማ ብቻ ማለት አይደለም። ከጎማ ዛፍ ወተት የሚሠራውም ሆነ በኬሚስትሪ ጥበብ የሚዘጋጀው፥ ሲስቡት የሚለጠጥ ሲለቁትም ወደ ቀድሞ መልኩ የሚመለስ ነገር ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ከነጋዴ ሂሳብ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ አንድ ምሳሌ ይወሰድ። አንድ ነጋዴ ከባድ ዕቃ የሚንጠለጠልበትን የጎማ ማያያዣ ከውጭ አገር ያዛል እንበል። ማያያዣው በሁለት ዝርግ ብረቶች መካከል በጽኑ የተጣበቀ፥ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነ የጎማ ቁራጭ ነው። ክቡ ከዳር እስከ ዳር 5 ሳንቲሜትር ሲሆን ውፍረቱ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። የምስክር ወረቀቱ ጎማው በካሬ ሳንቲሜትር 200 ኪሎግራም እንደሚሸከም ይናገራል። የክቡ ስፋት 20 ካሬ ሳንቲሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ነጋዴው ሁለቱን ቁጥሮች አባዝቶ 40 ኩንታል ያገኛል። እርሱ የሚያንጠለጥለው 5 ኩንታል ብቻ ነው። ስለዚህ የስምንት እጥፍ ትርፍ አለኝ ብሎ በሰላም ይተኛል። ሆኖም ያ ጎማ መኻል ለመኻል የሚከፈተው ጭነቱ ገና 2 ኩንታል ገደማ ሲደርስ ሊሆን ይችላል። ዕለቱን ላይበጠስ ይችላል፤ ነገር ግን ጭነቱ በተመላለሰ ቁጥር ስንጥቁ እየሰፋ ይሄዳል፤ የሚበጠስበትን ቀንም የሚያውቅ የለም። ከበታቹ የሚሠራ ሰው ቢኖር ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ አይሆንም።

የምስክር ወረቀቱ አልዋሸም። የተጻፈው ቁጥር ለሌላ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነበረ። ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል ለመረዳት ስለ ጎማ ጠባይ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል።

የጎማ ጠባይ

ጎማ እጅግ ረዣዥም ከሆኑ፥ እንደ ተጠላለፈ ክር ካሉ ሞለኪዩሎች የተሠራ ነው። ቻርልስ ጉድይር የተባለው አሜሪካዊ በ1839 ዓ.ም. ጥሬውን ጎማ ከድኝ ጋር ማሞቅ እንደሚያጠነክረው ባገኘ ጊዜ፥ ያደረገው እነዚህን ክሮች እዚህም እዚያም እርስ በርሳቸው ማያያዝ ነበረ። ክሮቹ ሲሳቡ ይዘረጋሉ፤ ሲለቀቁ ተመልሰው ይጠቀለላሉ፤ መያያዣዎቹም አንዱ ከሌላው ተለይቶ እንዳይሄድ ይከለክላሉ።

ከዚህ የተነሣ ጎማ ሁለት የማይመሳሰሉ ጠባዮች አሉት። ቅርጹን ለመለወጥ በጣም የዋህ ነው፤ ይዘቱን ለመለወጥ ግን በጣም እልከኛ ነው። ውኃ የሞላበት አቁማዳ ቢታሰብ ነገሩ ይገባል። አቁማዳው ሲጫኑት ይረዝማል፥ ይሰፋል፥ ይጣመማል፤ በውስጡ ያለው ውኃ ግን አይቀንስም፥ አይጨምርም። መሐንዲሶች ይህንኑ በሁለት ቁጥር ይገልጹታል። ቅርጽን ለመለወጥ የሚቃወመው ኃይል የቅርጽ ግትርነት ሊባል ይችላል፤ ለለስላሳ ጎማ ግማሽ ሜጋፓስካል ገደማ ነው። ይዘትን ለመለወጥ የሚቃወመው ኃይል የይዘት ግትርነት ሊባል ይችላል፤ እርሱም 2000 ሜጋፓስካል ያህል ነው። አንዱ ከሌላው በሺዎች እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። 1 ሜጋፓስካል በካሬ ሳንቲሜትር 10 ኪሎግራም ያህል መሆኑን አንባቢው ያስታውስ።

ቀጭን የጎማ ማሰሪያ በእጅ ሲሳብ የሚረዝመው ከወርዱ ተበድሮ ነው። እየረዘመ ሲሄድ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ይዘቱ ግን ያው ነው። ስለዚህ በትንሽ ኃይል ብዙ ይለጠጣል። የፋብሪካ የጥንካሬ ፈተና የሚደረገው በእንዲህ ያለ ቀጭን ቁራጭ ላይ ነው፤ ጥሩ የተፈጥሮ ጎማም በዚህ ፈተና ሳይበጠስ ከ20 ሜጋፓስካል በላይ ይሸከማል።

በሁለት ብረቶች መካከል የተጣበቀው ክብ ቁራጭ ግን ሌላ ዕድል ገጥሞታል። ከላይና ከታች ብረቱ ስለ ያዘው ወደ ውስጥ ሊቀጥን አይችልም። ብረቶቹ ሲራራቁ ሊረዝም የሚችለው ይዘቱን በመጨመር ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ ጠባዩ ፈጽሞ የሚጠላው ነገር ነው። ስለዚህ በቁራጩ መኻል ያለው ጎማ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ግራና ወደ ቀኝ፥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፥ በሦስቱም አቅጣጫ እኩል ይሳባል። መቅጠን የተከለከለ ጎማ የቀረለት መንገድ አንድ ነው፤ እርሱም በውስጡ ባዶ ቦታ መክፈት ነው።

በ1959 ዓ.ም. የታተመው ሙከራ

ይህን ነገር በሚገባ መርምረው ያስረዱት አለን ጌንትና ፒተር ሊንድሊ የተባሉ እንግሊዛውያን ናቸው። ሁለቱም የሚሠሩት በእንግሊዝ አገር ዌልዊን ጋርደን ሲቲ በምትባለው ከተማ፥ የብሪታንያ የጎማ አምራቾች የምርምር ማኅበር ባቋቋመው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነበረ። የምርምራቸው ውጤት በ1959 ዓ.ም. በለንደን የንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር መጽሔት ታተመ።

ያደረጉት ሥራ ሲነገር ቀላል ነው። ልዩ ልዩ ግትርነት ያላቸውን ክብ የጎማ ቁራጮች በብረት መካከል አጣብቀው በመኪና ቀስ እያሉ ሳቧቸው። ቁራጩ ገና ጥቂት ብቻ እንደ ተሳበ የመቃወም ኃይሉ በድንገት ይለግማል። ከውጭ ሲታይ ግን ምንም የለም። በምላጭ ከፍለው ባዩት ጊዜ በውስጡ ስንጥቆች ተገኙ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ከዚህ የሚከተለው ነበረ። ስንጥቁ የሚጀምርበት ውጥረት ከጎማው የመበጠስ ጥንካሬ ጋር አይሄድም። በቀጭን ቁራጭ ሲፈተን እጅግ ጠንካራ የሆነው ጎማ በዚህ ሙከራ ከደካማው የሚበልጥበት ምክንያት አልነበረም። ውጥረቱ የሚሄደው ከግትርነቱ ጋር ነው፤ ግትርነቱ እጥፍ ሲሆን እርሱም እጥፍ ይሆናል። ጠንካራ ጎማ እፈልጋለሁ ብሎ ብዙ ገንዘብ የከፈለ ሰው እንግዲህ የከፈለው ለማይጠቅመው ነገር ሊሆን ይችላል።

ቀላሉ ሂሳብ

ጌንትና ሊንድሊ ምክንያቱን በሚከተለው መንገድ አስረዱ። ጎማ ሁሉ ሲሠራ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች በውስጡ ይቀራሉ እንበል። አንዲቷ ቀዳዳ እንደ ድቡልቡል ፊኛ ትታሰብ። ጎማው በሦስቱም አቅጣጫ ሲሳብ ይህች ቀዳዳ ከውስጧ በአየር እንደ ተነፋች ሁሉ ትሰፋለች። ጎማ ይዘቱን የማይለውጥ ስለ ሆነ፥ ከውጭ መሳብና ከውስጥ መንፋት ለቀዳዳይቱ አንድ ናቸው።

ቀዳዳይቱ ከመጀመሪያው ስንት እጥፍ እንደ ሰፋች የሚያሳየው ቁጥር እጥፍ ይባል። ለዚያ የሚያስፈልገውን ውጥረት ለማግኘት ሂሳቡ እንዲህ ነው። ከ2.5 ላይ በመጀመሪያ 2 በእጥፉ ተካፍሎ የሚገኘው ይቀነሳል። ቀጥሎ እጥፉ አራት ጊዜ በራሱ ይባዛል፥ የተገኘው ደግሞ በ2 ይባዛል፤ 1 በዚህ ቁጥር ተካፍሎ የሚገኘውም ይቀነሳል። የቀረው በቅርጽ ግትርነቱ ሲባዛ ውጥረቱን ይሰጣል። ለምሳሌ እጥፉ 2 ቢሆን፥ 2 በ2 ተካፍሎ 1 ነው፤ 2 አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 16፥ በ2 ሲባዛ 32 ነው፤ 1 በ32 ተካፍሎ 0.03 ያህል ነው። ስለዚህ ከ2.5 ላይ 1 እና 0.03 ሲቀነስ 1.47 ይቀራል። በዚሁ መንገድ ሌሎቹም ሲሰሉ የሚከተለው ይገኛል።

እጥፉ 1 ሲሆን፥ ውጥረቱ 0፤
እጥፉ 1.5 ሲሆን፥ የግትርነቱ 1.07 ጊዜ፤
እጥፉ 2 ሲሆን፥ 1.47 ጊዜ፤
እጥፉ 5 ሲሆን፥ 2.10 ጊዜ፤
እጥፉ 10 ሲሆን፥ 2.30 ጊዜ፤
እጥፉ 100 ሲሆን፥ 2.48 ጊዜ።

አንባቢው ይህን ሰንጠረዥ ቀስ ብሎ ይመልከተው። በመጀመሪያ ቀዳዳይቱን ለማስፋት ብዙ ኃይል ያስፈልጋል። በኋላ ግን የሚጨመረው ኃይል እያነሰ፥ የምትሰፋው እየበዛ ይሄዳል። ከ5 እጥፍ ወደ 10 እጥፍ ለመድረስ ውጥረቱ የሚጨምረው ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም፤ የቀዳዳይቱ ይዘት ግን 8 ጊዜ ያድጋል። ውጥረቱ 2.5 ላይ ሲደርስ ሂሳቡ ወሰን የለውም፤ ቀዳዳይቱ ያለ ተቃዋሚ ትሰፋለች። የመነሻዋ መጠን ትንሽ ወይም ትልቅ መሆኑም በዚህ ሂሳብ ውስጥ አይገባም።

አሁን ወደ ነጋዴው ማያያዣ እንመለስ። የጎማው የቅርጽ ግትርነት 0.4 ሜጋፓስካል ቢሆን፥ በ2.5 ሲባዛ 1 ሜጋፓስካል፥ ይኸውም በካሬ ሳንቲሜትር 10 ኪሎግራም ያህል ነው። በ20 ካሬ ሳንቲሜትር ሲባዛ 200 ኪሎግራም ወይም 2 ኩንታል ይሆናል። በወረቀቱ ቁጥር ከተገኘው 40 ኩንታል ጋር ሲነጻጸር ከሃያ አንድ ነው። እንዲያውም በቀጭን ክብ ቁራጭ ውስጥ ውጥረቱ በመኻል ስለሚበረታ፥ መኻሉ ከዚህም ባነሰ ጭነት ሊከፈት ይችላል።

የሂሳብ ሊቃውንትም ነገሩን በራሳቸው መንገድ ተከታትለውታል። ጆን ቦል የተባለው እንግሊዛዊ በ1982 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ፥ አስቀድሞ ምንም ቀዳዳ በሌለበት ፍጹም አካል ውስጥ እንኳ ውጥረቱ ከተወሰነው ልክ ሲያልፍ ቀዳዳ መክፈት ሳይከፍቱ ከመቆየት ይልቅ ያነሰ ጉልበት የሚጠይቅ ሊሆን እንደሚችል አስረዳ።

በኮምፒዩተር አስመስሎ ማስላት

ከላይ የታየው ሂሳብ የሚሠራው ለአንዲት ድቡልቡል ቀዳዳና እጅግ ሰፊ ለሆነ ጎማ ነው። የእውነተኛው ዕቃ ቅርጽ ግን ብዙ ዓይነት ነው፤ ብረት አለበት፥ ጠርዝ አለበት፥ ቀዳዳዎቹም ብዙ ናቸው። ለዚህ መሐንዲሶች ዕቃውን በሐሳብ ወደ ጥቃቅን ክፍልፋዮች ከፍለው፥ እያንዳንዱ ክፍልፋይ ጎረቤቱን እንዴት እንደሚገፋና እንደሚስብ በኮምፒዩተር ያሰላሉ። ይህ ዘዴ የአውሮፕላንን አካል ለመመርመር ተርነር፥ ክላፍ፥ ማርቲንና ቶፕ በ1956 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ የታወቀ ሲሆን፥ እስከ ዛሬ የሚጠራበትን ስም ሬይ ክላፍ በ1960 ዓ.ም. ሰጠው።

ለጎማ ክፍተት ግን ዘዴው በቀጥታ አይሠራም። አራት ችግሮች ይገጥሙታል፤ ሥራውን የሚያዝ ሰውም ቢያውቃቸው ይጠቅመዋል።

አንደኛው የመቆለፍ ችግር ነው። ክፍልፋዮቹ ሁሉ ይዘታቸውን በትክክል እንዲጠብቁ ቢታዘዙ፥ ጠርዛቸውም ቀጥ ብሎ ቢቀር፥ እርስ በርሳቸው ተያይዘው መንቀሳቀስ ያቅታቸዋል። ኮምፒዩተሩም ጎማውን ከእውነቱ ይልቅ እጅግ ግትር አድርጎ ያሳያል። መድኃኒቱ በእያንዳንዱ ክፍልፋይ ውስጥ ያለውን ግፊት ከእንቅስቃሴው ለይቶ ራሱን የቻለ የማይታወቅ ቁጥር አድርጎ ማስላት ነው። ሊዮናርድ ሄርማን ይህን መንገድ በ1965 ዓ.ም. አሳይቷል።

ሁለተኛው የመነሻ ችግር ነው። ፍጹም ድፍን የሆነ መረብ ለኮምፒዩተሩ ቢሰጠው ኮምፒዩተሩ በራሱ ቀዳዳ አይፈጥርም፤ እስከ መጨረሻው ድፍኑን እየለጠጠ ይሄዳል። ስለዚህ ሠሪው ጥቃቅን ቀዳዳዎችን እንደ ዘር አስቀድሞ በመረቡ ውስጥ ይዘራል። የት እንደ ዘራቸውና ምን ያህል እንዳደረጋቸው ውጤቱን ሊወስን ይችላል። ብዙ ጊዜ ድካምን ለመቀነስ የዕቃው ሩብ ብቻ ይሰላና ሌላው በመስተዋት እንደሚታይ ተመሳሳይ ነው ተብሎ ይታሰባል። እውነተኛው ስንጥቅ ግን እንዲህ ያለውን ሥርዓት አይጠብቅም።

ሦስተኛው የመለጠጥ ብዛት ነው። አንዲት ቀዳዳ 10 እጥፍ ስትሰፋ፥ በግድግዳዋ ላይ ያለው ክፍልፋይ በርዝመቱም በወርዱም 10 እጥፍ ይዘረጋል። ይዘቱ ስለማይለወጥ ውፍረቱ ወደ አንድ መቶኛ ይወርዳል። እንደ ዳማ ጠጠር የነበረው ክፍልፋይ እንደ ወረቀት ይሆናል ማለት ነው። ጠርዙ ቀጥ ያለ ተራ ክፍልፋይ በዚህ ጊዜ ይታጠፋል፥ ወይም ውስጡ ወደ ውጭ ይገለበጣል፤ ስሌቱም ይቆማል። ስለዚህ ጠርዛቸው የሚጎብጥ ክፍልፋዮች ይመረጣሉ፥ ወይም መረቡ በየደረጃው እንደ አዲስ ይሠራል። ሺያንሚን ሹና ዱቫን ሄናኦ በ2011 ዓ.ም. ክፍልፋዮቹ በጠርዛቸው ሁሉ ሳይሆን በተወሰነ ነጥብ ብቻ እንዲገናኙ በማድረግ የብዙ ቀዳዳዎችን እድገት ለማስላት የሚያስችል ዘዴ አቅርበዋል።

አራተኛው የአረማመድ ችግር ነው። ከላይ በሰንጠረዡ እንደ ታየው፥ በ2.5 አጠገብ ጥቂት ኃይል ሲጨመር ቀዳዳይቱ ብዙ ትሰፋለች። ሠሪው ጭነቱን በየደረጃው እየጨመረ የሚያሰላ ከሆነ ከዚያ ሲደርስ እንደ ገደል ይወድቃል። ስለዚህ ጭነቱን ትቶ ብረቶቹ የሚራራቁበትን ርቀት ጥቂት በጥቂት ይጨምራል፤ ጭነቱንም ኮምፒዩተሩ እንዲነግረው ያደርጋል።

እነዚህ ሁሉ ከተሟሉ በኋላ አንድ ፈተና ይቀራል። ክፍልፋዮቹ በግማሽ እንዲያንሱ ተደርጎ ሥራው እንደ ገና ይሰላል። መልሱ ከተለወጠ የመጀመሪያው መልስ የጎማው ሳይሆን የመረቡ ነበረ ማለት ነው።

መለጠጥ ነው ወይስ መቀደድ?

እስከዚህ የተነገረው ሁሉ በአንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፤ ይኸውም ጎማው የቱንም ያህል ቢሳብ ይለጠጣል እንጂ አይቀደድም የሚል ነው። ይህ እውነት ሊሆን አይችልም። በዓይን የማትታይ ቀዳዳ አድጋ በዓይን የምትታይ እስክትሆን ድረስ ግድግዳዋ በመቶ እጥፍ መዘርጋት ይኖርበታል። ተራ ጎማ ግን ጥቂት እጥፍ እንደ ተለጠጠ ይበጠሳል። እንግዲያስ ቀዳዳይቱ የምታድገው እየተለጠጠች ብቻ ሳይሆን እየቀደደች ጭምር መሆን አለበት።

ይህን ካስተዋሉት ሰዎች አንዱ ራሱ ጌንት ነበረ። በኋላ በአሜሪካ አገር በአክሮን ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር፥ በ1984 ዓ.ም. ከፓርክ ጋር ሆኖ ብርሃን በሚያሳልፍ ጎማ ውስጥ የብርጭቆ እንክብሎችን ቀብሮ ሳበው። ክፍተቱ በእንክብሉ ጫፍ አጠገብ ሲከፈት በዓይን ታየ። እንክብሉ ባነሰ ቁጥርም ክፍተት ለመክፈት የሚያስፈልገው ውጥረት እየበዛ ሄደ። ቀላሉ ሂሳብ መጠንን ከቁጥር አያስገባምና ይህን ሊያስረዳ አልቻለም። በ1991 ዓ.ም. ጌንትና ዋንግ እንዳስረዱት፥ ቀዳዳይቱ በጣም ትንሽ ስትሆን ለመቀደድ የሚያስፈልገው ጉልበት ከሚገኘው ጉልበት ይበልጣል፤ ስለዚህ ከ2.5 ያለፈ ውጥረት ያስፈልጋታል።

በ2010ዎቹ ዓመታት በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ኦስካር ሎፔዝ ፓሚየስና በኦስቲን በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ራቪ ቻንዳር ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ጥያቄውን እንደ ገና አነሡት። በ2015 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ የቀድሞዎቹን ሙከራዎች በኮምፒዩተር አስመስለው ሠርተው ከታየው ነገር ጋር አስተያዩ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በሁለት የብርጭቆ እንክብሎች መካከል ያለውን ጎማ በብርቱ አጉሊ መሣሪያ እየተመለከቱ ሳቡት። ክፍተቶቹ እንደ ፊኛ በሰላም የሚነፉ ሳይሆኑ ጎማውን እየቀደዱ፥ ወደ ስንጥቅነትም እየተለወጡ የሚያድጉ መሆናቸው ታየ። ጎማው ሲለቀቅ ከእነርሱ አንዳንዶቹ ተመልሰው ይድኑ እንደ ነበረም ተመልክተዋል።

በ2018 ዓ.ም. ኩማር፥ ፍራንክፎርትና ሎፔዝ ፓሚየስ ያወጡት ትምህርት ከዚህ የተነሣ ነው። እንደ እነርሱ አስተያየት፥ ኮምፒዩተሩ እውነቱን እንዲናገር ስለ ጎማው ሦስት ነገር ሊነገረው ይገባል። እነርሱም እንዴት እንደሚለጠጥ፥ በየትኛው ውጥረት እንደሚሸነፍ፥ የተጀመረውን ስንጥቅ ለማስፋት ምን ያህል ጉልበት እንደሚያስፈልግ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ምስሉ ውብ፥ መልሱ ግን ጎዶሎ ይሆናል።

የ1959 ዓ.ም. ቁጥር በዚህ ምክንያት ተሻረ ማለት አይደለም። ለመጀመሪያ ግምት ዛሬም ያገለግላል፤ የሚያገለግልበት ወሰን ታወቀ እንጂ። ዋናው ትምህርት ኮምፒዩተር የሚመልሰው የተነገረውን ብቻ መሆኑ ነው። አይቀደድም ተብሎ የተነገረውን ጎማ ኮምፒዩተሩ ሊቀድደው አይችልም።

በንግድ ዕቃ ላይ የሚታየው

ይህ ነገር በብዙ ዕቃ ላይ ይገኛል። የመኪናን ሞተር ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ጎማ በብረት መካከል የተጣበቀ ነው። ድልድይ የሚያርፍበት የጎማ ትራስም እንዲሁ ከብረት ሰሌዳ ጋር ተደራርቦ የተሠራ ነው፤ ሲጫኑት ብርቱ ነው፥ በመሬት መናወጥ ጊዜ ወደ ላይ ቢሳብ ግን ከላይ የተነገረው አደጋ ያገኘዋል። በመኪና ጎማ ውስጥ የጎማው አካል ከጠጣር ሽቦና ከጥቁር የከሰል ቅንጣት ጋር በሚገናኝበት ስፍራ እንዲህ ያለው ውጥረት ይፈጠራል። ብርቱ ግፊት ያለውን ጋዝ የሚዘጋ የጎማ ቀለበትም ጋዙን ቀስ በቀስ ይጠጣል፤ ግፊቱ በድንገት ሲለቀቅ የጠጣው ጋዝ ከውስጥ ይነፋውና ይሰነጥቀዋል። ይህን ጌንትና ቶምፕኪንስ በ1969 ዓ.ም. መርምረውታል።

ክፍተት ሁሉ ክፉ ነው ማለትም አይደለም። የሚጣበቅ ወረቀት ሲላጥ ሙጫው በውስጡ ክፍተት ከፍቶ እንደ ክር እየተሳበ ይወጣል፤ መላጡን የሚያስቸግረውም አንዱ ይህ ነው። ደረቅና ተሰባሪ ፕላስቲክን ለማጠንከር በውስጡ ጥቃቅን የጎማ ቅንጣቶች ይጨመራሉ። ፕላስቲኩ ሲመታ ቅንጣቶቹ በውስጣቸው ይከፈታሉ፤ በዙሪያቸው ያለው ፕላስቲክም እንደ ብርጭቆ ከመሰበር ይልቅ እየተለጠጠ ምቱን ይውጠዋል። አንዱ ነገር ባልታሰበበት ስፍራ ጥፋት፥ በታሰበበት ስፍራ ጥቅም ይሆናል።

ገዥ ሊጠይቅ የሚገባው

ከብረት ጋር የተጣበቀ የጎማ ዕቃ የሚያዝ ነጋዴ ሂሳቡን ራሱ እንዲሠራ ማንም አያስገድደውም። ትእዛዙን ሲጽፍ ግን የሚከተሉትን ጥያቄዎች ቢጨምር ይጠቅመዋል።

1. በምስክር ወረቀቱ ላይ ያለው የጥንካሬ ቁጥር የተገኘው ከቀጭን ቁራጭ ነው ወይስ ከብረት ጋር ከተጣበቀው ከዕቃው ከራሱ?

2. የጎማው ግትርነት ስንት ነው? ጥንካሬው ብቻ ተነግሮ ግትርነቱ ካልተነገረ፥ በውስጡ የሚከፈትበትን ጭነት ለመገመት አይቻልም።

3. ዕቃው በሥራ ላይ የሚጫን፥ የሚንሸራተት ወይስ የሚሳብ ነው? ጎማ መጫንንና መንሸራተትን በደኅና ይችላል፤ ተጣብቆ መሳብን ግን አይወድም። የሚሳብ ከሆነ ውፍረቱ ከወርዱ ጋር ሲነጻጸር እንዴት ነው? ወፍራም ቁራጭ ወደ ውስጥ ለመቅጠን ነጻነት ስላለው ከቀጭኑ ይልቅ አደጋው ያንሳል።

4. ከተላከው ዕቃ አንዱ ተስቦ፥ ከዚያም ለሁለት ተከፍሎ ውስጡ ታይቷልን? አንድ ቁራጭ ማበላሸት አንድ ሙሉ ጭነት ከማጣት ይሻላል።

5. አምራቹ በኮምፒዩተር አስመስዬ ሠርቻለሁ የሚል ከሆነ፥ የመነሻ ቀዳዳዎቹ የት ተደረጉ? መቀደድ በስሌቱ ገብቷልን? መረቡ ጠብቦ እንደ ገና ተሰልቷልን? ውጤቱስ ከእውነተኛ ሙከራ ጋር ተነጻጽሯልን?

ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ መስጠት የሚችል አምራች ሥራውን የሚያውቅ ነው። የሚያምር ሥዕል ብቻ የሚልክ፥ ወይም ያንኑ የጥንካሬ ቁጥር ደግሞ የሚጽፍ ከሆነ፥ ገዥው ገንዘቡን ከመላኩ በፊት ቢያስብበት ይሻላል።

ለምሳሌ የተነሣው ነጋዴ ሁለተኛውን ጥያቄ ብቻ እንኳ ቢጠይቅ ኖሮ፥ የ0.4 ሜጋፓስካል ግትርነት የሚጽፍ አንድ መስመር ይደርሰው ነበር። ያንን በ2.5 ማባዛት ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ማያያዣው ለ5 ኩንታል እንደማይበቃ በዚያች ደቂቃ ያውቅ ነበር፤ ወይ ግትር ጎማ፥ ወይ ሌላ ቅርጽ፥ ወይም ጭነቱ ጎማውን በመሳብ ፈንታ የሚጫንበትን አሠራር ያዝዝ ነበር። ጎማ ጉዳቱን በላዩ ላይ አይጽፍም፤ ስለዚህ ስለ ውስጡ አስቀድሞ መጠየቅ የገዥው ተግባር ነው።